«የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ተነግሯል» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ወንድሜን ለሚፈሩት ሰዎች ምን ልበላቸው?

የበኩር እህት (ሰኞ ማታ)

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ሰው ገደለ። ድርጊቱ የተፈጸመው እኛ ከምንኖርበት እጅግ ርቆ ነው፤ ገዳዩንም ሟቹንም የሚያውቅ ጎረቤት የለንም። የዜናው የመጨረሻ መስመር ግን «ተጠርጣሪው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ተነግሯል» ይላል። ማን ተናገረ? ምን ዓይነት ሕመም? ከግድያው ጋር ምን አገናኘው? አንድም ቃል የለም። ያቺ አንዲት መስመር ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ የእኛን ደረጃ ወጣች።

ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት፤ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ያልሆነውን የሆነ የሚያስመስል የአእምሮ ሕመም ነው። ሕመሙ ሲታወቅ 22 ዓመቱ ነበር፣ አሁን 31 ሞልቶታል። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት በማንም ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ክፉኛ በታመመባቸው ሁለት ጊዜያት ያደረገው ነገር ቢኖር መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ አልጋው ሥር መደበቅ ነው። የሚሰማው ድምፅ ሊገድሉህ እየመጡ ነው ይለው ነበር። የሚፈራው እሱ ነበር።

ከዜናው ማግስት ጀምሮ ከእኛ በላይ ያለችው ጎረቤታችን ወንድሜን ደረጃው ላይ ስታገኘው የሴት ልጇን እጅ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ትንሿ ልጅ ከዚህ በፊት ስሙን እየጠራች ሰላም ትለው ነበር። አሁን ወንድሜ ሊወጣ ሲል በሩን ገርበብ አድርጎ ይቆማል፤ በደረጃው የእግር ኮቴ ከሰማ እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃል። አንድ ቀን ጫማውን አስሮ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ እጁን እጀታው ላይ እንዳደረገ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ አየሁት። እንደሚያፍር ገባኝ።

ከዚህ የባሰው የቤታችን ነው። እናቴ ቢላዎች የሚቀመጡበትን መሳቢያ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ለማንም አልተናገረችም። ወንድሜ መሳቢያውን ሲስበው እምቢ አለው። እናቴን አየ፣ አንገቷን አየ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ክፍሉ ገባ። ዘጠኝ ዓመት አብራው የኖረች፣ መድኃኒቱን ስትቆጥርለት የኖረች እናት ናት። እሷን እንዲህ ካደረጋት የጎረቤቷን ምን ልበል?

«የአእምሮ ሕሙማን አደገኞች አይደሉም» ብዬ ስናገር ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል፤ እንደማያምኑኝ ዓይናቸው ይነግረኛል። እውነቱ ምንድን ነው? ለእናቴም፣ ለጎረቤቴም የማላፍርበትን መልስ ስጡኝ።

የሌሊት ተረኛ (ሰኞ ሌሊት)

እህቴ፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል 16 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ሰዎች ምን ትሠሪያለሽ ብለው ጠይቀውኝ ስነግራቸው የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አትፈሪም?» ይሉኛል። ሌሊት ሌሊት የማየውን ቢያዩ ጥያቄው ይለወጥ ነበር። የማየው በፍርሃት የሚንቀጠቀጡ ሰዎችን ነው። መብራት አታጥፉብኝ የሚሉ፣ በር ላይ ማን ቆሟል እያሉ የሚጠይቁ፣ እጄን ይዘው እንቅልፍ እስኪወስዳቸው የሚጠብቁ።

ለጎረቤትሽ ከሙያዬ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት በአሜሪካ ሦስት ከተሞች ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የወጡ 1,136 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ተመራማሪዎቹ ብልህ ነገር አደረጉ፤ በአንደኛው ከተማ ታካሚዎቹን ያወዳደሯቸው በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ኑሮ ውስጥ ከሚኖሩ ጎረቤቶቻቸው ጋር ነበር። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ የማያበዙት ታካሚዎች መጠጥና ዕፅ ከማያበዙት ጎረቤቶቻቸው የበለጠ ጥቃት አልፈጸሙም። መጠጥና ዕፅ ሲገባበት ግን ቁጥሩ በሁለቱም ወገን ከፍ አለ። ይኸው ነው። ሰዎች «እብደት» የሚሉት ነገር ላይ የለጠፉት አደጋ ብዙውን ጊዜ ከጠርሙሱ የሚቀዳ ነው።

ሌላም አለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የቺካጎ ጥናት ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 936 ሰዎች «ጥቃት ደርሶባችኋል ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ የኃይል ወንጀል ሰለባ ሆነው ነበር፤ ይህም ከሌላው ሕዝብ ከ11 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የተደበደቡ፣ የተዘረፉ፣ የተደፈሩ ሰዎች ናቸው። ወደ እኛ ክፍል የሚመጣ ሰው አካል ላይ ያለውን ጠባሳ የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ «ማን ነው ያደረገብህ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ ትከሻቸውን ነቅንቀው ዝም ይላሉ። የሚያምነን የለም ብለው ስለሚያስቡ ለፖሊስም አያመለክቱም።

እናትሽን አትውቀሺያት። ዜናው የነገራትን ሰምታ ነው። ግን ቁልፉ ከአንገቷ ይውረድ።

እውነቱ ይነገር (ማክሰኞ ጠዋት)

ሁላችሁም አንድ ወገን ብቻ ነው የምትናገሩት። እኔ መንገድ ላይ ተመትቻለሁ። ሰውየው ለብቻው እያወራ ይመጣ ነበር፤ ገለል ልበል ብዬ እያሰብኩ ሳለሁ በድንጋይ ግንባሬን አለኝ። አራት ቦታ ተሰፋሁ። ምንም አላደረግሁትም፣ አላየሁትምም። ከዚያ ወዲህ ለብቻው የሚያወራ ሰው ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ፣ ልቤም ይመታል።

ጥናት እንደሆነ እኔም ፈልጌ አንብቤአለሁ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ጥቃት የመፈጸም ዕድላቸው ከፍ እንደሚል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እሱን ለምን ትዘላላችሁ? የእህታችንን ወንድም አላውቀውም፣ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል። የኔን ፍርሃት ግን ድንቁርና ነው አትበሉኝ። በግንባሬ ላይ ያለ ነገር ነው።

የሌሊት ተረኛ (ማክሰኞ ከሰዓት)

ወንድሜ፣ የደረሰብህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ፍርሃትህን ድንቁርና የሚልህ ሰው ካለ እኔ ከጎንህ ነኝ። በሥራዬ ላይ እኔም አንድ ጊዜ ተመትቻለሁ፤ ለሁለት ወር ያህል ኮሪደሩን ስሻገር ጀርባዬን ወደ ግድግዳ አድርጌ ነበር የምሄደው።

ያልከውም ልክ ነው፣ ልደብቀው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ 10,000 ያህል ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀው ነበር። ምንም ዓይነት የአእምሮ ሕመም ከሌለባቸው መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ጥቃት ፈጽሜአለሁ ያለው 2 በመቶ ያህል ነው። ስኪዞፍሬኒያ ብቻ ካለባቸው 8 በመቶ ያህል። አራት እጥፍ ነው፤ ትንሽ አይደለም። የአልኮል ወይም የዕፅ ችግር ካለባቸው ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ግን በዜና መስመር ላይ «ተጠርጣሪው መጠጥ ያዘወትር እንደነበር ተነግሯል» ተብሎ ሰፈርን ሲያሸብር አላየሁም።

አሁን ስምንቱን በሌላ በኩል እንየው። ከመቶዎቹ 92ቱ ማንንም አልነኩም። አንድ ሰው ስኪዞፍሬኒያ አለበት ብለህ ብቻ ይመታኛል ብትል ከመቶ ጊዜ 92ቱን ትሳሳታለህ። በዚያ ላይ «ጥቃት» ሲባል በጠብ መካከል እጅ መሰንዘርና ዕቃ መወርወርም ተቆጥሮ ነው። በሕዝብ ደረጃ ሲታይም፣ ከዚሁ ጥናት በተሠራው ስሌት ጽኑ የአእምሮ ሕመም በአንድ ሌሊት ከዚያ ኅብረተሰብ ቢጠፋ የሚቀንሰው ጥቃት 4 በመቶ ያህል ነው። ቀሪው 96 በመቶ በቅናት፣ በገንዘብ፣ በበቀል፣ በስካር፣ በሥልጣን የሚፈጸመው ነው፤ ባለበት ይቀጥላል።

ታዲያ የሚያሰጋው መቼ ነው? እኛ ተረኞች እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው ነገር አለ። ከዚህ በፊት ሰው መትቶ ያውቃል? ይጠጣል? መድኃኒቱን አቋርጧል? ስንት ሌሊት አልተኛም? አንድን የተለየ ሰው «ሊያጠፋኝ ነው» ብሎ እየጠራ ነው? ድምፁ እያዘዘው ነው? «ሕመሙ ምን ይባላል?» የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ሕክምና ደግሞ ለውጥ ያመጣል፤ በስዊድን ከ80,000 በላይ ታካሚዎችን እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 የተከታተለ ጥናት፣ ሰዎቹ የሳይኮሲስ (እውነታውን ካልሆነው መለየት የሚያቅትበት ሁኔታ) መድኃኒት በሚወስዱባቸው ወራት የኃይል ወንጀል በ45 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል።

አንተን የመታህ ሰው ምናልባት ከመታህ በፊት ለወራት ታሞ የዞረ፣ ማንም ያላቆመው ሰው ይሆናል። ሕመሙን አላውቅም፣ ልገምትም አልችልም። እንዲያ ከሆነ ግን የሚያስፈራው ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚታይ ነበር፤ ሰዉም መንገድ እየተሻገረ አለፈው።

አባት ነኝ (ማክሰኞ ማታ)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ለሌላ ሰው ተናግሬው የማላውቀውን ልጽፍልሽ ነው።

ልጄ 19 ዓመቱ ላይ ታመመ። መጀመሪያ ከጓደኞቹ ራቀ፣ ከዚያ መስተዋቶችን በጨርቅ መሸፈን ጀመረ፣ ከዚያ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመ። ገብቶን ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ገብቶን ነበር። እናቱ «እናሳክመው» ስትል «ስሙ ይጠፋል፣ ወደፊት ማን ሥራ ይሰጠዋል፣ ማን ያገባዋል» ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቀን ለፈተና እያጠና ነው እንል ነበር። እንግዳ ሲመጣ በሩን ከውጭ ቆልፌበት አውቃለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ማታ ከሥራ ስገባ በወንበር እግር መታኝ። ክንዴ ተሰበረ። ሲመታኝ እየጮኸ የሚለኝ ነበር፤ «አባቴን የት አደረስከው?» ይለኝ ነበር። የእኔን ፊት የለበሰ ሌላ ሰው ቤቱ የገባ መስሎታል። አባቱን ፍለጋ ነበር የሚመታኝ። እናቱን ከኋላው አድርጎ፣ ከእኔ እየከለላት።

ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን እንዲህ ያለው እምነት በሕክምና የታወቀ ነው፤ የቅርብን ሰው በሌላ ሰው እንደተተካ አድርጎ ማመን። በተለይ የመጀመሪያው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ያለው ጊዜ አስጊ እንደሆነም ነገረን። ጥቃት ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በቤተሰብ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ በሚያልፍ በማይታወቅ ሰው ላይ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው አለን። ስለዚህ ጎረቤትሽ ለልጇ የምትፈራው ነገር በጣም የራቀ ነው። እናትሽ የምትፈራው ግን ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ነው አልልሽም፣ ከእኔ ቤት አልፏል።

ግን ይህንን ስሚኝ። የእኔ ክንድ የተሰበረው ልጄ በመታመሙ ብቻ አይደለም። ስምንት ወር ሳይታከም በመቆየቱ ነው። ያላሳከምኩትም ሰው «አደገኛ» ይለዋል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ልጄን ከዚያ ስም ላድነው ብዬ ስደብቀው፣ ስሙን እውነት የሚያደርገው ሌሊት እስኪመጣ ጠበቅሁ።

ልጄ አሁን 27 ዓመቱ ነው። ከሕክምናው ወዲህ ማንንም አልነካም። ያን ሌሊት ያስታውሰዋል። ዝናብ ሲዘንብ ክንዴን ስይዝ ካየኝ ተነሥቶ ክፍሉን ለቅቆ ይወጣል። እስከዛሬ ስለዚያ ነገር ተቀምጠን አልተነጋገርንም።

የዜና አርታኢ (ረቡዕ ጠዋት)

እህቴ፣ ያቺን መስመር የሚጽፈው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ እንዴት እንደምትገባ ልንገርሽ።

ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ሁሉም የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መልስ ያለው ሰው የለም። ዘጋቢው ደውሎ «ጎረቤቱ ነካ ያደርገው ነበር አለ» ይለኛል። ገጹ ሊዘጋ ነው፤ «ለምን?» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። «የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ተነግሯል» የምትለዋ ሐረግ ለዚያ ባዶ ቦታ ልክ ሆና የተቆረጠች ናት። አንባቢው ተንፈስ ይላል፤ እንደ እኔ ያለ ሰው አይደለም ያደረገው ማለት ነው። እኔ ራሴ ይህን ለዓመታት አድርጌአለሁ። ያንን «ተነግሯል» የተናገረው ማን እንደሆነ ተመልሼ የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የኖርዌዩ ጉዳይ ነው ያስቆመኝ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 2011 አንድ ሰው 77 ሰዎችን ገደለ። ፍርድ ቤቱ የመደባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ፓራኖይድ ስኪዞፍሬኒያ አለበት አሉ። ብዙዎቻችን ይህን ተቀብለን አረፍን። ቀጥለው የመረመሩት ሁለት ሐኪሞች ግን ሳይኮሲስ የለበትም አሉ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም አድምጦ፣ በነሐሴ 2012 ሰውየው ለድርጊቱ ሙሉ ኃላፊነት እንዳለበት ወስኖ 21 ዓመት ፈረደበት። በጥላቻ አስተሳሰብ ተመርቶ፣ ለዓመታት አቅዶ የሠራው ነበር። ሁለት ጥንድ ባለሙያዎች ለሳምንታት አነጋግረውት ያልተስማሙበትን ነገር እኛ ከጎረቤት በስልክ ሰምተን በአሥር ደቂቃ እንጽፋለን።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አንድ ረዳት አብራሪ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ከተራራ ጋር አላትሞ ራሱን ጨምሮ 150 ሰዎች ሲያልቁ፣ በብዙ ጋዜጦች ርእስ ላይ «ድብርት» የሚለው ቃል ጎልቶ ወጣ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ከድብርት ጋር ይኖሩ የነበሩት ሰዎች 280 ሚሊዮን ናቸው። በማግስቱ አለቃቸው ጋር ሄደው «ድብርት አለብኝ» ሊሉ የነበሩት ስንቶቹ ቃላቸውን ዋጡት?

አሁን በእኛ ክፍል የጤና ሁኔታን የምንጽፈው ባለሙያ ወይም ፍርድ ቤት ካረጋገጠው፣ ከድርጊቱ ጋር መገናኘቱም ከታወቀ ብቻ ነው። አሁንም በየሳምንቱ እከራከራለሁ፤ ባልደረቦቼ «የምናውቀውን ለምን እንደብቃለን?» ይሉኛል። ተጠርጣሪው የስኳር ሕመም ቢኖርበት ትጽፉታላችሁ ወይ? ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። በዚህ ጥያቄ አንዳንድ ቀን እረታለሁ፣ አንዳንድ ቀን መስመሯ ታልፋለች።

ባይፖላር ያለኝ (ረቡዕ ከሰዓት)

እስካሁን የጻፋችሁት ስለ እኛ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን ከውስጥ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልጨምር። ባይፖላር ማለት ስሜት ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም ነው።

ጉልበተኛ አይደለሁም፣ ሰው መትቼም አላውቅም። ሕመሜን መሥሪያ ቤት ውስጥ ከተናገርኩ በኋላ ግን የተነጠቅሁት ነገር አለ፤ መቆጣት። በአንድ ስብሰባ ላይ ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተከራከርን። የሌሎቹ ሐሳብ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። እኔን ከስብሰባው በኋላ አለቃዬ ወደ ጎን ወሰደችኝና በለሆሳስ «መድኃኒትህን ወስደሃል?» አለችኝ። ልክ ነበርኩ፤ የተከራከርኩበት ሒሳብ ስሕተት እንደነበር ከአንድ ወር በኋላ ተረጋገጠ። ያን ቀን ግን ሒሳቡን ያየ አልነበረም፣ ሁሉም እጄን ነበር የሚያየው።

ከዚያ ወዲህ ስናደድ ፈገግ እላለሁ። ስሰደብ ፈገግ እላለሁ። ደረጃ ስወርድ እጄን ከኪሴ አውጥቼ እወርዳለሁ፤ የያዝኩት ነገር እንደሌለ እንዲታይ። ሐኪሜ ይህን ስነግራት «ስንት ዓመት ሆነህ እንዲህ ስትሄድ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ሌላው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ሕመማችን ሰው የሚገድል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው እኛኑ ነው። በዓለም በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በአእምሮ ሕመም ውስጥ የነበሩ ናቸው። እኔም በዚያ ጠርዝ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። የመለሰኝ ጓደኛዬ ነው፤ ሌሊት ደውዬለት «ብቻዬን መሆን የለብኝም» አልኩት፣ መጥቶ እስኪነጋ አጠገቤ ተቀመጠ። ቢፈራኝ ኖሮ አይመጣም ነበር። ይህንን ለጎረቤትሽ ንገሪያት፣ እህቴ፤ ሰዎች ሲፈሩን የሚቀርብን ነገር ይኸው ነው።

ቃል መራጭ (ረቡዕ ማታ)

እኔ የምሠራው በትርጉም ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ላክል። በጃፓን የስኪዞፍሬኒያ ስም እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ «የአእምሮ መሰንጠቅ ሕመም» የሚል ትርጉም ነበረው። የታካሚ ቤተሰቦች ይህ ስም ልጆቻችንን ሰው እንዳይቀርባቸው አድርጓል ብለው ለዓመታት ጠየቁ፤ የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በዚያ ዓመት ስሙን «የመቀናጀት መታወክ» ወደሚል ቀየረው። ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ2011 የራሷን ቃል ለወጠች። የጃፓን ሐኪሞች ስሙን ለታካሚው ራሱ በግልጽ መንገር የቀለላቸው ከለውጡ በኋላ ነው።

እኛ «እብድ» የምንለው ቃል ለታመመውም፣ ለተቆጣውም፣ ለጨካኙም፣ መኪና በፍጥነት ለሚነዳውም ያገለግላል። ገዳይ ስንሰማ «እብድ ነው እንጂ ጤነኛ ይህን አያደርግም» እንላለን። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዚች እህት ወንድም ስሙ ሳይጠራ ተከሷል።

እውነቱ ይነገር (ረቡዕ ሌሊት)

የአባትዬውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትናንት ጠዋት ስጽፍ ቁጣዬ ቀድሞኝ ነበር።

የመታኝን ሰው ከዚያ ቀን በፊት አየው ነበር። ለሁለት ወር ያህል በዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ኮት። ኮቱ እየቆሸሸ፣ ፊቱ እየከሳ ሲሄድ አይቻለሁ። ዛሬም ፍርሃቴ አለቀቀኝም፤ ነገም ለብቻው የሚያወራ ሰው ሳይ መንገድ መሻገሬ አይቀርም ይሆናል። ሰውየው በኋላ የት እንደደረሰ ግን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ማወቅ ፈለግሁ።

የበኩር እህት (ዓርብ ማታ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተለይ እርስዎን፣ አባቴ። የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አባቴን የት አደረስከው» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሯን አውልቃ አስቀመጠች።

መልስ ስጡኝ ብዬ ነበር። ለጎረቤታችን «አደገኞች አይደሉም» የሚለውን ትቼ ያወቅሁትን ነገርኳት። ወንድሜ እንደማይጠጣ፣ መድኃኒቱን እንደማያቋርጥ፣ ማንንም ነክቶ እንደማያውቅ፣ ሲታመም እንደሚደበቅ። የምትፈሪው ነገር ካለ በሩን አንኳኪና እኔን ጠይቂኝ አልኳት። ብዙ አልተናገረችም። ለምን ቀደም ብዬ እንዳልነገርኳት ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም፣ እኛም ደብቀን ነበርና።

ስለ መሳቢያው ግን ከወንድሜ ጋር ነው የተቀመጥነው፣ ሦስታችን። እናቴ ይቅርታ ልትጠይቀው ስትጀምር አቋረጣትና ወረቀት አምጪ አለኝ። በራሱ እጅ ጻፈው። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ካልተኛ፣ ወይም መስኮቱን መሸፈን ከጀመረ፣ ወይም እናቴን ወይም እኔን በስማችን ሳይሆን በሌላ መጥራት ከጀመረ፣ መሳቢያው ይቆለፍ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ እንውሰደው፤ እምቢ ቢል እንኳ። ከዚያ ውጭ ክፍት ይሁን። ሐኪሙ ዘንድ የምንደውልበትን ቁጥር ከሥር ጻፈ። ሦስታችንም ፈረምንበት። ቁልፉ አሁን ከወረቀቱ ጋር በአንድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም ያየዋል።

ከዚያ ይህንን ውይይት ላነበው ብሎ ኮምፒውተሩን ወሰደ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። «ባይፖላር ያለኝ» ያለውን ወንድማችንን ሰላም በይልኝ ብሏል፤ እሱም እጁን ከኪሱ አውጥቶ እንደሚሄድ ንገሪው አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተካክዪ ብሎኛል። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው አፍሮ እንዳልሆነ። «ስወጣ እናትየው እጇን በጣም ትይዛታለች፣ ልጅቷን ያማታል፤ ፊቷን አይቼዋለሁ» አለኝ። «እስኪያልፉ ብቆይ ይሻላል ብዬ ነው።»